ከክርን በታች

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እጅጌዬን ጠቅልዬ
ክንዴን አከራያለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ጥዬ።
ሙሴ ፎንታኔል በወረቀት አያምንም፤
«ወረቀት ላብ የለው፣ ወረቀት አያዝንም»
ይላል፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን እያነሳ።
ሃያ ሁለት ዓመታችን፦ እሱ አፍንጫ፣ እኔ ቆዳ፤
የደመወዝ ወረቀቴ «ጽዳት» ይለኛል፣ እንደ ባዳ።

ግራስ ከተማ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ፣
ባሕሩ በሩቅ ይታያል፣ እንደ ተረሳ ጨርቅ።
የዛሬው ብልቃጥ ስም የለውም። ቁጥር ነው። አርባ ሰባት።
አንድ ጠብታ። ቀዝቃዛ። ከአንጓዬ ወደ ላይ፣ ሦስት ጣት።

መጀመሪያ ይቆጣል።
አረንጓዴ ሲቆጣ ማን ሰምቶ ያውቃል?
ሙጫ አለበት፣ ጋልባነም የሚሉት፣ ከኢራን ተራራ የመጣ፤
መራራ፣ ሥር እንደ ነቀሉበት መሬት ያለ ቁጣ፤
ቀጭ ሲል ፎሶሊያ፣ ሲላጥ የአተር ቅርፊት፣
ከአበባ ሻጯ ባልዲ ውስጥ የተቆረጠ ግንድ፣ ውሃው ሳይለወጥ ያደረበት።
አፍንጫዬን አርቃለሁ። ዓይኔ እንባ ያቀርራል።
እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይቀባል?

ቆዳ ግን ታጋሽ ነው። እንደ አኩራፊ እንግዳ
ስሙን ሳይጠይቅ ያስገባዋል ወደ ጓዳ።
አምስት ሰዓት ግድም ቁጣው ይበርዳል፣ ነጭ ነገር ብቅ ይላል፤
ሙጌ፣ ያቺ ደወል የመሰለች፣ እዚህ አገር በሠራተኞች ቀን
ሰው ለሰው የሚሰጣት፣ አንድ ዘለላ፣ ለእድል።
ድዳ አበባ ይሏታል። ብትጨምቃት፣ ብትቀቅላት
ጠረኗን አትሰጥህም፤ ከሌሎች ተውሰህ ነው የምትሰፋላት።
እንግዲህ ክንዴ ላይ ያለችው ሙጌ አይደለችም፣
ሐሜቷ ናት።

እኩለ ቀን። ሙሴ መጣ። እንደ ወትሮው ፊቴን ሳያይ
አጎነበሰ ክንዴ ላይ።
ሳበ። ጠበቀ። ደግሞ ሳበ።
የወደደበት ዝምታ አለው፣ የጠላበት ዝምታ አለው፤
ይሄኛው ግን በር ከፍቶ ቤቱን ባዶ ያገኘ ሰው ዝምታ ነው።
ሦስተኛ ጊዜ የአፍንጫው ጫፍ ቆዳዬን ነካ፣
ከዚያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ በሩ እያየ፦
«ሶላንዥ፣ ምን ምን ይላል?»

ከጉንፋኑ ወዲህ ነው አለኝ። ከመስከረም።
ለሚስቱ እንኳ አልነገረም።

የነሱን ቋንቋ አላውቅም። ያለኝ የወጥ ቤት ቃል ነው።
«መጀመሪያ ፎሶሊያ» አልኩት፣ «ቢላው ላይ ገና ያልደረቀ።
አሁን አንሶላ፣ ታጥቦ የተሰጣ፣
ሳይደርቅ የተሰበሰበ፣ ዝናብ መጣ ተብሎ።
ከሥሩ የቆርቆሮ ጣሳ ጫፍ፣ ምላስ የነካው።
ከዚያ ወዲያ ሳሙና። የሀብታም ቤት ሳሙና።»
ጻፈ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ሳሙናው ይበዛል?» አለኝ።
ይበዛል አልኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀኝ።

አውቶቡስ፣ ወደ ፕላስካሲዬ። እጅጌዬን አልመለስኩም።
ጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ ከስልኩ ቀና አለ፣
ዙሪያውን አየ፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሜዳ የለም፣
ተመልሶ አቀረቀረ።
ልጄ ባቲስት በር ላይ፦ «እማ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምትሸቺው?»
ሳህን ሳጥብ ቀኝ ክንዴን ከውሃው አርቃለሁ፤
በግራ እጄ ብቻ ድስት መፋቅ ለምጃለሁ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት። አረንጓዴው ሄዷል፣ ነጩም ሄዷል፤
የቀረው የዛፍ ሽበት ነው፣ እርጥብ፣ ትንሽ ጨው ያለበት፣
ወይ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ድንበሩን የማይ ሰዎች ነን፣ መሸበት።
ክንዴን ከብርድ ልብሱ ውጭ አሳድረዋለሁ፣
ለነገ ጠዋት መልሱን ከወዲሁ ይዣለሁ፦

ሳሙናውን ይቀንሱ።
ቁጣውን ግን እንዳይነኩብኝ።